የግመል ሥጋ ምን ምን ይላል? ከገበያ እስከ ድስት

ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። «ቆይ ግን፣ የግመል ሥጋ ምን ምን ይላል?» ሁሌም ከእኔ የሚቀድም ሰው አይጠፋም። «እንደ በሬ ነው አቦ፣ ብላ!» እንግዳው ይጎርሳል። ያኝካል። ግራ ይጋባል። እንደ በሬ አይደለማ!

እኛ ቤት ግመል የሚበላው አልፎ አልፎ ነበር። ጎረቤታችን ግን «ሆዮ» እያልን የምንጠራቸው ሶማሊ እናት ነበሩ። የሳቸው ድስት ሲከደን ሽታው አጥር ዘሎ ይመጣል። ግመል መብላት የተማርኩት እሳቸው ቤት ነው። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ጆሃንስበርግ ሦስት ዓመት ሱቅ ጠበቅኩ። እዚያ አገር የአጋዘን ሥጋ፣ የሰጎን ሥጋ በሱቅ ይሸጣል። ምን ምን ይላል ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያው ነው። «እንደ በሬ ነው።» ዓለም ላይ ያለ እንስሳ ሁሉ በሬ ሆኖ አረፈው።

ከብዙ ቅምሻ በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው። «ይከብዳል»፣ «ይሸታል»፣ «እንደ ጎማ ነው» የምንለው አብዛኛው ነገር የእንስሳው ጥፋት አይደለም። የዕድሜው ነው። የስቡ ነው። ከመታረዱ በፊት የዋለበት አዋዋል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ድስት ነው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ አንድ ጠዋት ብቻ ይበቃል። መለማመጃችን ግመል ነው፤ ድሬዳዋና ሐረር ላይ በግልጽ፣ ከሥጋ ቤት የሚገዛ ነውና። የዱር እንስሳቱን ወደ መጨረሻው እመለስባቸዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር

አንደኛው የእምነት ጉዳይ ነው። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ግመል አይበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት ተቆጥሯል። በእስልምና ሐላል ነው። እኛ ከተማ ሥጋ ቤቱም ቢላውም ለየብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ እንግዳ ስትጋብዙ ቀድማችሁ ጠይቁ። አብልቶ ሲያበቃ «ሳታውቅ እኮ ግመል በላህ!» ማለት ቀልድ አይደለም። በዚህ የተቋረጠ ጓደኝነት አውቃለሁ።

ሁለተኛው የዱር ሥጋ ነው። መንገድ ዳር ሚዳቋ ወይም እንሹ አንጠልጥሎ መኪና የሚያስቆም ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንንም የዱር እንስሳ ውጤት መነገድንም ይከለክላል። ሐረር አጠገብ ያለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እዚያ ዝሆን ብቻ አይደለም ያለው፤ አጋዘንም አለ፣ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳም አለ። ሥጋውን እኛ በልተን ለአንበሳው ምን እንተውለት?

ሕጉን ብትተዉት እንኳ ያ ሥጋ በሐኪም አልታየም። አባ ሰንጋ የያዘው እንስሳ ይሁን፣ ሞቶ የተገኘ ይሁን፣ ማን ያውቃል? አባ ሰንጋን ደግሞ ድስት ላይ አቆይቼ እገላለሁ ብሎ መተማመን ሞኝነት ነው።

ደረጃ 1፦ በጠዋት ግዙ

የድሬ ሙቀት ሥጋን አይምርም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ቀፊራ ገበያ ወይም ሰፈራችሁ ያለው የግመል ሥጋ ቤት ድረሱ። ሐረር ከሆናችሁ ጀጎል ውስጥ ጊዲር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ሂዱ። እዚያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከሥጋ ተራው ክፍት ፌስታል አንጠልጥላችሁ አትውጡ። ከላይ የሚያንዣብቡት ጭላቶች ለቱሪስት ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። አንዴ ከእጄ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ነጥቀውኝ፣ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ «ሰደቃ ነው በለው» ብለው አጽናኑኝ።

ሥጋው ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። የወጣት ግመል ሥጋ ደማቅ ቀይ ነው። ዕድሜው የገፋው ወደ ቡናማ ይጠቁራል። ቀጥሎ ክሩን እዩ። የግመል ሥጋ ክር ከበሬ ይወፍራል፤ ይሄ ተፈጥሮው ነው። ነገር ግን ክሩ እንደ ገመድ ከተነጣጠለና በመሃሉ ነጭ ጅማት ከበዛበት ግመሉ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲሸከም የኖረ ነው። እንዲህ ያለውን ለመረቅ እንጂ ለጥብስ አትግዙት።

ከዚያ አሽትቱ። አትፈሩ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ አይቀየማችሁም። ትኩስ የግመል ሥጋ ብዙ ሽታ የለውም። የኮመጠጠ ወይም አፍንጫ የሚቆነጥጥ ነገር ካለው «እመለሳለሁ» ብላችሁ ውጡ።

ዕድሜውን መጠየቅም ነውር አይደለም። የግመል ሥጋ «እንደ ጎማ ነው» የሚል ስም ያተረፈው በአብዛኛው በዚህ ነው። አርብቶ አደሩ ወጣቷን ለወተት፣ ወጣቱን ለጭነት ይፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ቄራ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሥራውን የጨረሰው ነው። እኔ ደንበኛዬን እንዲህ እለዋለሁ።

«አብቲ፣ የዛሬው ወጣት ነው ወይስ ጡረታ የወጣ?»

«ማን? እኔ ወይስ ግመሉ?»

ይስቃል። ከዚያ እውነቱን ይነግረኛል። ወጣት ከሆነ ሽንጥ እገዛለሁ። ጡረተኛ ከሆነ ጎድን።

ሌላም የምጠይቀው አለ። ግመሉ ዐርፎ ነው የታረደው? ብዙ ሰው ይሄን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ስኳር መሰል ጉልበት አለ። እንስሳው ሲሮጥ፣ ሲደነግጥ፣ ረጅም መንገድ ሲነዳ ያ ጉልበት ያልቃል። ሥጋው ይጠቁራል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ቶሎ ይበላሻል። የግመል ሥጋ ያለው ደስ የሚል ትንሽ ጣፋጭነትም ከዚሁ ክምችት ጋር የተያያዘ ነው። የባቢሌ ገበያ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ በእግሩ ተነድቶ መጥቶ ሳያርፍ የታረደና አድሮ፣ ውኃ ጠጥቶ የታረደ አንድ አይነት ሥጋ አይሰጡም።

ለዛሬው ልምምድ ይሄን ግዙ፦ የግመል ሽንጥ 200 ግራም፣ የግመል ጎድን 1 ኪሎ ተኩል፣ ሻኛ 200 ግራም። ሶማሊኛ ለሚችል ሻኛ ኩሩስ ነው፤ በስሙ የጠየቀ ጥሩውን ያገኛል። ከዚያ ለማነጻጸር የበሬ ሽንጥና የፍየል ሥጋ ሁለት ሁለት መቶ ግራም ጨምሩ።

ደረጃ 2፦ ያለ ቅመም ቅመሱ

የመመሪያው ልብ ይሄ ነው። ሌላውን ብትዘሉ ይሄን አትዝለሉ።

እኛ ሥጋን የምናውቀው በበርበሬና በቅቤ ተከድኖ ነው። በሬም ይሁን በግ፣ አዋዜ ውስጥ ከገባ በኋላ የምንቀምሰው አዋዜውን ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ራቁቱን ቅመሱት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከምሳ በፊት አድርጉት። በርጫ ከተገባ በኋላ የሚቀመስ ሥጋ ከንቱ ነው። ጫት የያዘ ምላስ መራራ እንጂ ሌላ አይለይም። ቡናም ቢሆን ቆየት ይበል።

ሦስቱን ሥጋ እኩል ቁረጡ፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል። ክሩን አቋርጣችሁ ቁረጡ፣ ተከትላችሁ አይደለም። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። የብረት መጥበሻ ከሰል ላይ በደንብ አግሉ። በዘይት የነካ ጨርቅ አበስ አድርጉት፣ ከዚያ በላይ ዘይት የለም። ጨውም የለም። በየጎኑ ሁለት ሁለት ደቂቃ አቆዩት። መሃሉ ቀይ እንዳይቀር አንዱን ከፍላችሁ እዩ። ጥሬ የለመደ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱን እንደሚያኮሳትር አውቃለሁ። ለዛሬ ግን ይብሰል።

ቅደም ተከተሉ በሬ፣ ግመል፣ ፍየል ነው። ፍየል መጨረሻ የሚሆነው ሽታው አፍ ላይ ስለሚቆይ ነው። በየመሃሉ ቁራሽ ዳቦና ውኃ ውሰዱ።

ስታኝኩ አራት ቦታ አስተውሉ።

ጥርሳችሁን፦ ክሩ ወፍራም ነው ቀጭን? ሲቆረጥ ይሰጣል ወይስ ይጎተታል?

ምላሳችሁን፦ ጣፋጭ አለው? እንደ ጉበት የብረት ብረት የሚል ነገር አለው? ሥጋ በጠቆረ ቁጥር ይሄ ይጨምራል፤ ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ነገር ውስጥ ብረት አለና።

አፍንጫችሁን፦ አፋችሁን ዘግታችሁ እያኘካችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። የእንስሳው «ጠረን» የሚባለው የሚገኘው እዚህ ነው። ይሄን ትንፋሽ ሳያወጣ «አይሸትም» ያለ ሰው አልቀመሰም።

ከንፈራችሁን፦ ከዋጣችሁ በኋላ ስቡ ከንፈር ላይ ይቀራል ወይስ ይጠፋል?

እኔ አፍ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። በሬው ቶሎ ይታወቃል፤ ክሩ መካከለኛ ነው፣ ስቡ በሥጋው መሃል ስለተሰራጨ አፍ ይሞላል። ግመሉ ሲጀምር በሬ ይመስላል። «እንደ በሬ ነው» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ነው ያቆመው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስታኝኩ ልዩነቱ ይመጣል። ክሩ ይወፍራል፤ በመሃሉ ስብ ስለሌለው ደረቅ ይላል። ከኋላ ደግሞ ቀስ ብሎ ጣፋጭነት ይከተላል። ቀይ ሥር በሩቁ የሚያስታውስ ነገር ነው፤ ስኳር አይደለም። በአፍንጫ ሲወጣ ጠረኑ ከፍየል ያነሰ ነው። ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል። «ግመል ይሸታል» ብሎ የመጣ እንግዳ ሁሉ በዚህ ቅምሻ ላይ የሸተተው ፍየሉ ሆኖ ያገኘዋል።

የፍየሉ ጠረን ያለው ስቡ ውስጥ ነው። በተለይ የወጠጤ ስብ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከፍየሉ ላይ ስቡን ጨርሳችሁ ገፍፋችሁ አንድ ቁራጭ ጥበሱ። ግማሽ ጠረኑ ይጠፋል። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ለማታውቁት ሥጋ ሁሉ ይጠቅማችኋል፦ ቀዩ ሥጋ ከእንስሳ እንስሳ ይቀራረባል፤ ማንነቱን የሚናገረው ስቡ ነው። ጠረኑ ካስቸገራችሁ ቅመም ከመጨመራችሁ በፊት ስብ ቀንሱ።

አሁን ጨው ነስንሱና እንደገና ቅመሱ። የግመሉ ጣፋጭነት ጎልቶ ይወጣል። ልጄ እዚህ ላይ «ስኳር ጨመርክበት?» አለኝ።

ደረጃ 3፦ ሻኛውን ለብቻ

ሻኛ ውስጥ ውኃ የለም። ይሄን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚከራከር ሰው አለ። ስብ ነው። ግመል ስቡን ጀርባው ላይ ስለሰበሰበው ነው ሌላው ሥጋው የደረቀው።

ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት። ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ እሳት አሙቁ። ስቡ ይቀልጣል፤ ቁራጩ እየተኮማተረ ወርቃማ ይሆናል። ሲንጫጫ አውጡት። ጨው፣ ሚጥሚጣ ቆንጠር፣ ሎሚ። ወዲያው ብሉት! ትኩስ ሲሆን ቅመም ያልገባበት የተነጠረ ቅቤ ይመስላል። ሲቀዘቅዝ ግን ሻማ ነው። እንግዳ ፊት ሻኛ አቅርቦ ወሬ መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው።

የቀለጠውን ስብ አትድፉት። ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይፈለጋል።

ደረጃ 4፦ ማብሰል

ሁለት መንገድ አለ። መሃል መንገድ ግን የለም። ግመልን ወይ በፍጥነት ወይ በጣም ቀስ ብሎ ነው ማብሰል። አርባ ደቂቃ የበሰለ ግመል ለጫማ ሶል ይሆናል።

ፈጣኑ ሱቃር ነው፤ የሶማሊዎቹ ጥብስ። ከቅምሻው የተረፈውን ሽንጥ ከሽንብራ ከፍ አድርጋችሁ ክተፉ። የሻኛውን ስብ አግላችሁ ሥጋውን በትኑበት። ቀለም ሲይዝ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያና ቲማቲም። ከእሳት ሲወርድ ሎሚ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው ሁሉ ነገር። በዳቦም በእንጀራም ይሄዳል።

ቀርፋፋው የጎድኑ ነው፤ የሆዮ አሠራር።

ጎድኑን በቀዝቃዛ ውኃ ጣዱት። ውኃው ከሥጋው ሁለት ጣት ከፍ ይበል። ሲፈላ ግራጫ አረፋ ይወጣል፤ በጭልፋ እያነሳችሁ ጣሉ። ሆዮ አረፋውን የማይገፍ ሰው አይወዱም ነበር። «ድስትህን አላጠብክም» ይሉ ነበር። አረፋው ሲያልቅ እሳቱን ቀንሱ። ውኃው ፈገግ ይበል እንጂ አይሳቅ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረፋ እንጨት አንድ፣ ሄል አራት ፍሬ፣ ቅርንፉድ ሦስት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ከነሙሉው፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ጨምሩ። ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ። በርበሬ አይገባም። ክደኑት።

ድሬዳዋ ላይ ለወጣት ግመል ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለጡረተኛው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቁጠሩ። ሐረር ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ግን በ1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ድሬ ላይ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሐረር ላይ በ94 ነው። ሁለት ዲግሪ ለጠንካራ ጅማት ትንሽ አይደለም። የሐረሯ አክስቴ «የእናንተ እሳት ሰይጣን አለበት» የምትለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የግፊት ድስት ካላችሁ አንድ ሰዓት በቂ ነው። መረቁ ግን ያን ያህል አይጥምም።

ስለ ፓፓያ የግድ ማውራት አለብኝ። ያልበሰለ ፓፓያ ሥጋ ያለሰልሳል፤ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ጅማቱን ይበጣጥሰዋል። ዝንጅብልም እንዲሁ፣ በመጠኑ። ለጡረታ ግመል ጥሬ ፓፓያ ፈቅፍቃችሁ፣ ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ግማሽ ሰዓት ቀብታችሁ አስቀምጡና አጥባችሁ ጣዱ። ግማሽ ሰዓት! እኔ አንዴ «ይበልጥ ይለስልስ» ብዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ላዩ ገንፎ ሆኗል። አጥንቱ ራቁቱን ቆሟል። ለስድስት እንግዳ ነበር ያዘጋጀሁት። ያን ቀን እንቁላል ፍርፍር በላን።

ሥጋው ከአጥንቱ በማንኪያ ሲላቀቅ ደርሷል። አውጡት። መረቁን አጥልሉ። ለ3 ኩባያ የታጠበና የተዘፈዘፈ ሩዝ 4 ኩባያ ተኩል መረቅ ለክታችሁ አብስሉ። ጎድኑን በሻኛው ስብ ላይ አንዴ ጠበስ አድርጋችሁ ሩዙ ላይ ደርድሩት። ከጎኑ ቢስባስ (የሚያቃጥለው የሶማሊዎቹ የቃሪያ ድልህ)፣ ከጎኑ ሙዝ። አዎ፣ ሙዝ። ሶማሊ ሩዝ በሙዝ ይበላል። ከግመሉ ጣፋጭነት ጋር ደግሞ ይገጥማል። የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ሙዙን ለብቻው ያስቀምጠዋል። አጠገቡ ያለውን እያየ ቀስ ብሎ ይልጣል።

ሐረሬ ቤት ከተጋበዛችሁ ደግሞ ሁልባት መረቅ ጠይቁ። አብሹ የሚመታበት አመታት ሌላ ጥበብ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ደረጃ 5፦ የዱሩስ?

አሁን የግመሉን ቅምሻ ስለያዛችሁ የዱሩን በቃል ማስረዳት ይቀለኛል። እነዚህን የቀመስኳቸው ጆሃንስበርግ ነው። እዚያ አገር በግል እርሻ ላይ ይረባሉ፤ በሕግ ታርደውና ታድነው ይሸጣሉ። ፎርድስበርግ በሚባለው ሰፈር ሐላል የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ጂፒ ጎዳና ላይ ሱቅ ስጠብቅ እውልና ዓርብ ከሶላት በኋላ ወደዚያ ነበር የምሄደው።

ኩዱ የሚሉት የእኛው አጋዘን ነው። ባቢሌ ያለው ዘመዱ ሳይሆን ራሱ ነው። ሥጋው ጠቆር ያለ ነው፤ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ግመሉን አስታውሱና ጣፋጭነቱን ቀንሱ፤ ትንሽ የጉበት ብረት ጨምሩ። አጋዘን ማለት እሱ ነው። ጠረን እጠብቅ ነበር፤ አጣሁት። ስብ የሌለው ሥጋ ምን ይዞ ይሸታል?

ስፕሪንግቦክ የሚባለው እንደ ፌንጣ የሚዘል ትንሽ ሚዳቋ ነገር ነው፤ እኛ አገር የለም። ክሩ ከሁሉም የቀጠነ ነው። ስቡ የተገፈፈለት የፍየል ግልገል አስቡ። ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ሰጎን ወፍ ነች ብላችሁ ዶሮ እንዳትጠብቁ። ቀይ ሥጋ ነው። ዓይኔን ጨፍነው ቢሰጡኝ የበሬ ጭቅና ነው ብዬ እምል ነበር። እዚህ ላይ «እንደ በሬ ነው» ላለው ሰውዬ ይቅርታ ብያለሁ።

ጅግራ በተቃራኒው ዶሮ ነው፤ ግን የሀበሻ ዶሮ፣ ያውም አሮጌ። ሥጋው ጠይም፣ ደረቅ፣ ጣዕሙ ወፍራም ነው። እዚያ ሰዎች እንዲህ ብለው ይቀልዳሉ፦ ጅግራውን ከድንጋይ ጋር ቀቅለው፤ ድንጋዩ ሲለሰልስ ጅግራውን ጥለህ ድንጋዩን ብላ።

ከርከሮ አልቀመስኩም፣ አልቀምስምም። ስለዚህ አልናገርም።

ቢልቶንግ የሚሉት ደረቅ ሥጋቸው ደግሞ ቋንጣን ያስናፍቃል። የአጋዘን ሥጋ በኮምጣጤ ነክረው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ የተቆላ ድንብላል ነስንሰው ያደርቁታል። በበርበሬ የለመደ አፍ መጀመሪያ «ምን ጎደለው?» ይላል። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ይገባዋል። እዚህ ከተመለስኩ በኋላ በግመል ሽንጥ ሞክሬዋለሁ፤ ድሬ ፀሐዩን በነጻ ትሰጣለች። በሁለት ቀን ደረሰ። ስስ አድርጉት፣ ዝንብ እንዳይደርስበት በስስ ጨርቅ ሸፍኑት።

እንዲህ ያለ ስብ አልባ ሥጋ በሕጋዊ መንገድ፣ በውጭ አገርም ይሁን የትም፣ እጃችሁ ከገባ ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። ጭቅና የመሰለውን ክፍል ከደረጃ 2 በላይ አታቆዩት፤ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ጠንካራውን ደግሞ ከውጭ ስብ አበድሩት። እኛ ጋ ለዚህ የበግ ላት አለ፤ ከዚያ የተሻለ አበዳሪ አላውቅም።

ደረጃ 6፦ የተረፈውን

ፍሪጅ ያለው ይገባዋል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ግን የሶማሊዎቹ ሙቅማድ ይሻላል። ሥጋውን እንደ ሽንብራ ክተፉ፣ ጨው አድርጉበት፣ ውኃው ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ በቅቤ ቀስ ብላችሁ ጥበሱ። ከዚያ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ የተነጠረ ቅቤ አፍስሱበት፤ ሥጋው ከቅቤው በላይ ብቅ እንዳይል። ስታወጡ ደረቅ ማንኪያ ተጠቀሙ። ሠርግ ላይ ከቴምር ጋር የሚቀርበው ይሄው ነው።

አጥንቱን ሐረር ያለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች አይመልሱትም።

መረቁን ደግሞ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ስቡ ከላይ ይረጋል፤ በማንኪያ ገፍፋችሁ ለእንቁላል ጥብስ አስቀምጡት። ከሥሩ ያለውን አሙቁት። እኔ ሎሚ ጨምቄ በዳቦ ነው የምጠጣው። ባለቤቴ ቢስባስ ትጨምርበታለች፤ በዚህ ጉዳይ 11 ዓመት አልተስማማንም።